ዝም ብሎ

ዘጠኝ ሰዓት። የአዳማ ፀሐይ ከቆርቆሮ ቆርቆሮ ሲዘል፣
ባጃጄን አቆምኩ ከኬጂው አጥር፣ ከኒሙ ዛፍ ከለል።
ሲፈን ወጣች፣
ቦርሳዋን መሬት ለመሬት እየጎተተች፣
አንድ ካልሲ ለብሳ፣ አንዱን በእጇ ይዛ፣
ሳትዘንብ የጠቆረች፣ ደመና አርግዛ።

«ማን መታሽ?»
«ማንም።»
«ማን ሰደበሽ?»
«ማንም።»
«እሺ ምን ሆንሽ?»
ትከሻዋን ሽቅብ ነጠቀችው፤ ትከሻ መልስ አይሆንም።
ቲቸር አስናቁን አየኋት፤ ባዶ እጇን ዘረጋች፦
«ዛሬ እንዲሁ ናት። ምሳዋን ነካክታ ተወች፣
ሥዕል ሳሉ ስንል ወረቀቱን ገለበጠች።»

ብስኩት ገዛሁላት። ስከፍተው ለሁለት ተሰበረ።
«ግጠመው!»
«የኔ ቆንጆ፣ ብስኩት አይገጠምም፤ ሆድ ሲገባ አንድ ነው።»
«ግጠመው!»
ገጠምኩት። ስንጥቁን በአውራ ጣቴ ሸፍኜ፣
አርባ ዓመት ያለፈኝ ሰው፣ መንገድ ዳር፣ በብስኩት ተፈትኜ።
ስለቀው ወደቀ፤
ያን ጊዜ ነው ሰማዩ የተቀደደው፣ ለቅሶው የፈለቀ።

ወይ ለቅሶ! ይህች ትንሽ ሆድ ይህን ሁሉ የት አኑራው ኖረ?
አላፊው አግዳሚው ዳኛ ሆነ፤ ፈረደ፣ መከረ።
አንዷ «ዓይን ነው» አለች፤
ሌላዋ «ጥርስ ልታወጣ ነው» (አራት ዓመቷን ይዛለች!)፣
ባለጋሪው ደግሞ «አንዴ ቆንጥጣት፣ ዝም ትላለች።»
እጄ አልተነሣም አልልም፤ አልዋሽም፣
የአባቴ ጣት ከጣቴ ውስጥ አለ፤ እንዲህ ቶሎ አይሞትም።
መለስኩት። ኪሴ ከተትኩት።

እናቷ ለሊሴ ማታ ፈረቃ ከገባች ሦስት ሳምንት አለፈ፤
ስንተኛ ትወጣለች፤ ስንነሣ ተኝታለች፣
የፋብሪካ ክር ፀጉሯ ላይ እንዳለ።
እሱ ይሆን? ሙቀቱም ይሆናል። ጫማዋም ጠቧል።
ጎረቤታችን ናሆምም ዕቃቸው በአይሱዙ ተጭኖ ሞጆ ሄዷል።
እኔ ሰበብን እንደ መለዋወጫ ፈላጊ ነኝ፤
ሞተር ሲያስነጥስ ካንዴላ ነቅዬ አያለሁ፣
ካርቡራተር አጥባለሁ፣
የልጅ ሆድ ግን
አሥር ቁጥር ቁልፍም፣ አሥራ ሁለትም አይፈታውም።

አስነሣሁ። ፍራንኮን አለፍን፤ ዝም።
መብራት ኃይልን አለፍን፤ ዝም።
የያዘችውን ካልሲ በጎን ወረወረችው፤
ቆሜ አነሣሁ፤ ዝም።

ከተማው ሲያልቅ፣ ከኮረብታው ራስ ተራ ይዘው፣
እሷ «የሰማይ ቬንትሌተር» የምትላቸው
ይሽከረከራሉ፣ ነጫጭ ክንፋቸውን ዘርግተው።
አንዱ ግን፣ ከዳር ያለው፣ ቆሟል ቀጥ ብሎ።
ሌሎቹን የሚያዞረው ነፋስ እሱንም ይመታዋል፤
እሱ ወይ ፍንክች።
«አባዬ» አለች፤ ከብስኩቱ ወዲህ የመጀመሪያ ቃሏ፣
«ያኛው አኩርፏል።»
«ማን ነክቶት?»
«ማንም።»
«ታዲያ ለምን?»
አየችኝ፤ አስተማሪ ሰነፍ ተማሪን እንደሚያይ፣
«ዝም ብሎ ነዋ።»

ዝም ብሎ።
እኔም እኮ የማኮርፍበት ቀን አለኝ፣
ግን ደረሰኝ እቆርጥለታለሁ፦
ቤንዚን ጠፍቶ ነው፤ ትራፊክ ቀጥቶኝ፤ ወገቤን አሞኝ።
ደረት ላይ ሲነጋ የሚቀመጠውን፣ ስም የሌለውን፣
ለለሊሴ እንኳ ነግሬያት አላውቅም።

ሞተሩን አጠፋሁ። ከኋላ ሄጄ ከጎኗ ተቀመጥኩ፣
እንደ ተሳፋሪ። ሒሳብ እንዳልከፈለ ተሳፋሪ፣ ድምፄን አጠፋሁ።
ነፋሱ አቧራውን አምጥቶ ዓይናችን ውስጥ በተነ፤
እሷም አሸች፣ እኔም አሸሁ።
ከፓኮው የተረፈውን ከኪሴ አወጣሁ፤ እሱም ተሰባብሯል።
ትልቁን ወሰደች። ትንሹን ለእኔ ሰጠች።
ከዚያ ሐሳቧን ለወጠችና
እሱንም መልሳ ወሰደች።

ስንሄድ ያ የዳሩ ገና አልዞረም።
አንገቷን አውጥታ፣ ባዶ እግሯን እያወዛወዘች፣
«ቻው» አለችው።